ቁልቁለቱ ላይ ሰው ይወርዳል

ኮኪት
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ብረት ለሚጨብጠው፣ ምሳውን መብላት ለሚረሳው ለልጄ ለማሩ፤

እንዴት ሰነበትክ የኔ ጌታ? እኔ ደህና ነኝ። ላሚቱም በሰላም ተገላገለች፤ ጥጃዋ ወንድ ነው፣ አመሉ ከአሁኑ ያንተ ነው፣ ያሰሩትን ገመድ ሁሉ ይፈታል። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ሁሉ ጤና ነው። ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ሰነበተ። ቢኖርም በስልክ ስንነጋገር አያምርብንም፤ አንተ ዝም ትላለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ሥራውን ትቼ ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን የአሰበች ልጅ መቅዲ ናት፤ ነገ ወደ ትምህርቷ ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች። ምሳ ጋብዛት፤ አንተም በዚያው ትበላለህ።

መጨረሻ በተነጋገርን ጊዜ «እማዬ፣ ና ካልሽኝ በማግስቱ እነሳለሁ፤ ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ» ብለህ ነገሩን ሁሉ እኔ ላይ ጣልከው። ብልጥ ነህ። ጋሽ ደሴም መልሴን እየጠበቁ ነው። የማሽላው አጨዳ ሳይጀመር ለትራክተሮቻቸው ቋሚ ሠራተኛ መያዝ ይፈልጋሉ፤ አንተ ካልሆንክ ከጎንደር ሌላ ሰው ሊያመጡ ነው። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ ቤት አለው፣ ከግቢያቸው ሆነህ ብጠራህ ትሰማኛለህ። «እጽፍለታለሁ፣ ና እለዋለሁ» ብዬ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ጻፍኩት፦ ና።

ቆይ ግን። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ልብስህን መሰብሰብ እንዳትጀምር። ከትናንት በስቲያ ቢሆን ኖሮ ይህችኑ ቃል ጽፌ፣ ወረቀቱን አጥፌ ለመቅዲ እሰጣት ነበር። ትናንት ግን አንድ ነገር ሰማሁና አሁን ና ማለት ይሁን ቆይ ማለት ይሁን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ምናልባት ስጽፈው ለራሴም ይገባኝ ይሆናል።

አንተ በሰኔ ስትሄድ እኔ ምንም አልገባኝም ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ የራስህ የብየዳ ቤት ነበረህ። በር የሚያሠራው፣ ማረሻ የተሰበረበት፣ የውሃ ታንከር ያፈሰሰበት ሁሉ በርህ ላይ ተሰልፎ ይውል ነበር። «የማሩ እናት» ሲሉኝ ገበያ ውስጥ መንገድ ይለቀቅልኝ ነበር። ያንን ሁሉ ዘግተህ፣ ባሕር ዳር ሄደህ ብረት የሚቀርጽ የሰው ቶርኖ ቤት ወለል ትጠርጋለህ ብለው ሲነግሩኝ ሰውን ምን ልበለው? እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። አንዱ ዓይን በልቶት ነው ይላል፣ አንዱ ኮርቶ ነው ይላል፣ አንዱ ሴት ተከትሎ ነው ይላል። ሴት ብትሆንማ በገባኝ፤ ሽማግሌ እልክ ነበር።

አንተን ስጠይቅህ ያልከኝ «እዚህ ሁሉም ጎበዝ ይለኛል፤ እኔ ግን ጎበዝ አይደለሁም» ነው። ይኸ ምን ማለት ነው? ሰው ሲያመሰግነው ተቀምጦ ይመሰገናል እንጂ አገር ጥሎ ይሄዳል?

ከዚያ ደግሞ የመምህርህን የጋሽ ሰሎሞንን ነገር አጫወትከኝ። ቀኑን ሙሉ የደከምክበትን ብረት በመለኪያ አይተው ወደ ውዳቂው ወረወሩት ስትለኝ ደሜ ፈላ። አንተ እኮ እየሳቅህ ነበር የምትነግረኝ! «ልክ ናቸው እማዬ፣ ፀጉር ታህል ስቷል» አልክ። ፀጉር ታህል! እኛ እዚህ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለውን በር ዘግተን እንተኛለን። የሚሠራ ነገር ለምን ይጣላል እያልኩ ሰነበትኩ፤ አሰበችንም ጠየቅኳት፣ እሷም አላወቀችም።

እኛ የቆላ ሰዎች ነገራችን ሁሉ «ለዘንድሮ» ነው፤ አንተ እዚሁ ስለተወለድክ አይታይህ ይሆናል፣ እኔ ግን ስንመጣ አስታውሳለሁ። ከበለሳ የወረድነው ለአንድ መኸር ነበር፤ ሰሊጥ አጭደን፣ በሬ መግዣ ይዘን ልንመለስ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህችን ቤት በማሽላ አገዳ አቁሞ ጭቃ ሲመርጋት «ለዘንድሮ ትበቃናለች» አለኝ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ ያንኑ ይለኝ ነበር። ለዘንድሮ ባላት ቤት አንተ ተወለድክ፤ እሱም እዚያችው ውስጥ ታሞ፣ ጣሪያው እያፈሰሰበት ሞተ። አሁንም የምኖረው በእሷው ነው። አጥሩም ለዘንድሮ ነው፣ ጉድጓዱም ለዘንድሮ ነው። ይህን የምልህ አባትህን ለማማት አይደለም። ሲመሽበት ደክሞት የሚገባ ሰው ነበር። ብቻ ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ፤ ትናንት ቤቷን ሳያት ይኸ ሁሉ መጣብኝ።

ወደ መኸሩ ልመለስ። ዘንድሮ መንገዱ አላስተማምን ብሎ ከደጋ የወረደው አጫጅ ጥቂት ነው። ያገኘኋቸው የጎጃም ልጆች ናቸው፤ አለቃቸው ያረጋል የሚባል፣ አንደበቱ የማያርፍ፣ ሥራው ግን ፈጣን ነው። ታውቃለህ፣ ነዶው ወፍሮ ከታሰረ ውስጡ አይደርቅም፤ ነዶውን አደጋግፈን እንዲደርቅ የምናቆመው ሂላ ካዘነበለ ደግሞ ፍሬው የተከፈተ ዕለት ሰሊጡ ለጉንዳን ይፈሳል። እነሱ የሚከፈሉት ባቆሙት ሂላ ስለሆነ አንዱን ትተው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ እፈታለሁ፣ እንደገና አስራለሁ፣ አቆማለሁ። ያረጋል አየኝና ማጭዱን ጥሎ መጣ።

«እትዬ ውባንች፣ ኧረ ባክዎ! ሂላ እኮ ነው፣ ቤተስኪያን አይደለም!»

«ለእኔ ያው ነው» አልኩት። «ዘሞ ቆሞ ዓይኔ አያየውም።»

«እንዲህማ ኸሆነ እርስዎ ያቁሙ፤ እኛ እንጨድልዎ!»

«ይሁን!» አልኩት በንዴት፣ ልክ የሆንኩ መስሎኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሂላ እኔ አቆምኩ፣ ጉልበቴን ያመመኝም ያን ጊዜ ነው። አሰበች የራሷን ፈጥና ጨርሳ ልታግዘኝ መጥታ፣ ወገቧን ይዛ ስታየኝ ቆየችና፣ «ውባንች፣ አንቺ ነሽ እንግዲህ ይኸ ልጅ ማንን ወጣ እያልሽ የምታለቅሺው?» አለችኝ። ነዶዬን ማሰር ቀጠልኩ። የኔ ሰሊጥ ነው፣ ያንተ ብረት ነው፤ ሰሊጥ ይፈሳል፣ ብረት ምን ይሆናል? እንዲያ ብዬ በሆዴ ተሟገትኩ።

ደግሞ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ብትጠይቀኝ አላውቅም። የአሰበችን ሂላ ነፋስ መትቶ አንዳንዱን ጣለባት፣ ሰሊጧ አፈር በላው። እኔ ደግሞ ሳቃና ሳቃና፣ አጫጆቹም እኔን ሲጠብቁ የዳሩ ሰሊጥ ሳይታጨድ ረገፈብኝ። ጆንያችንን ጎን ለጎን ስናቆመው ያው ነን። የኔው ነጣ ይላል፣ ያ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ደከምኩ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ አንተ ታውቀው ይሆናል። እኔ የማውቀው የዘመመ ካየሁ እጄ እንደማያርፍልኝ ነው።

አሁን ትናንት ወደሆነው ልግባ።

ሰሊጡን አራግፈን፣ ጆንያውን በጋሽ ደሴ ተሳቢ ጭነን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ትራክተሩን የሚነዳው ጓደኛህ አዛናው ነው። አጫጆቹም እኔም ጆንያው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ከወንዙ በላይ ካለው ቁልቁለት ስንደርስ አዛናው እንደ ልማዱ ቆመ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ መውረድ ጀመረ። እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ሰው ይወርዳል፣ ተሳቢው ጆንያውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ ታች ወንዙ ጋ ስንደርስ እንደገና እንሳፈራለን። አምናም እንዲሁ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ስለሸረሸረው፣ ለትራክተሩ እንዲቀለው ይመስለኝ ነበር። ጠይቄ አላውቅም፤ ሁሉም ሲወርድ እወርዳለሁ።

ትናንት ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

«እማማ ውባንች፣ ይውረዱ እንጂ» አለኝ አዛናው።

«ዛሬስ አልወርድም ልጄ፣ ጉልበቴን አሞኛል። ከጆንያው ጋር እሄዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ጆንያው በእግሩ ይወርዳል እንዴ?»

አጫጆቹ ሳቁ። ያረጋል ይሄኔ ዝም አይልም፦ «እኔም ልጠይቅ ብዬ ነበር! እህል ተቀምጦ ሰው በእግሩ የሚሄድበት አገር ዛሬ አየሁ!»

አዛናው አልሳቀም። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። እጁን ተሳቢው ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ማሩ ነው ያዘዘኝ። አምና ይችን መያዣ የበየዳት ዕለት ወደ ጎን ወሰደኝና ‹አዛናው፣ ሜዳውን እንደፈለግህ ንዳው፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ሰው እንዳታስቀምጥ። ሌላው ቢያስቸግርህ እንኳ እናቴን እንዳታስቀምጣት› አለኝ። በሚካኤል አስምሎኛል። ባይሆን በጀርባዬ ላውርድዎ።»

ወረድኩ። በጀርባው አይደለም፣ በእግሬ ነው የወረድኩት። ያረጋል ክንዴን ይዞኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከዚያች ብረት ላይ ማንሳት አቃተኝ። ተሳቢው ከፊታችን እየተንገጫገጨ ሲወርድ፣ ትራክተሩን ከተሳቢው የምታገናኘውን ያችን ያንተን ብየዳ እያየሁ ወረድኩ።

ማሩዬ፣ ያን ዕለት እኮ አስታውሰዋለሁ። መኸሩ ሲጣደፍ መያዣው ተሰበረና ጋሽ ደሴ አንተን ጠሩ። አንተ «ይኸ በብየዳ የሚሆን አይደለም፣ በቶርኖ ተቀርጾ አዲስ መሠራት አለበት» ስትል ሰምቻለሁ። እሳቸው «ለዘንድሮ በይድልን ብቻ» አሉ። በየድከው። ተሳቢው ተነሳ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ጋሽ ደሴ ፍየል አርደው ግንባርህን ሳሙህ። አንተ ግን በጾም ሥጋ የቀረበልህ ይመስል ከገበታው ሸሸህ። እኔም ወባ መጣበት ብዬ ጋቢ ደረብኩልህ፣ መድኃኒትም አስገዛሁ። ለካ ወባ አልነበረም። ሰው ሁሉ ጎበዝ ሲልህ፣ አንተ እናትህን በሥራህ ላይ ለማስቀመጥ ፈርተህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝስ ይገባኝ ነበር? እንጃ። «ይዟል አይደለም እንዴ፣ ምን ታደርቀኛለህ» እልህ ይመስለኛል።

ትናንት ከሰዓት ጋሽ ደሴ መልሱን ሊሰሙ መጡ። ሻይ አቀረብኩላቸውና ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ደሴ፣ ያ የማሩ ብየዳ እንዴት ነው?»

«ምን ይጠየቃል! አምና ያዘ፣ ዘንድሮም ያዘ። እንደሱ ያለ እጅ በዚህ አገር የለም።»

«እርስዎ ቁልቁለቱን ተቀምጠውበት ይወርዳሉ?»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔማ ሁልጊዜ እወርዳለሁ፤ ሰውነትም ይፍታታል።»

«የልጅ ልጆችዎስ?»

«ልጆቹም በእግራቸው ነው፤ ምን ይሆናሉ፣ ጉልበት አላቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምነው ውባንች፣ ምን ልትይኝ ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ታውቃለህ። አባትህ የሞተ ጊዜ ድንኳኑንም እህሉንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። እኔም ምን ልል እንደፈለግኩ አላወቅኩትም። «ምንም፤ ነገ እጽፍለታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከእሳቸው በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ሳስበው ገረመኝ። አዛናው ያወርዳል፣ እሳቸው ይወርዳሉ፣ እኔ እወርዳለሁ፣ አጫጁ ሁሉ ይወርዳል፤ ሁላችንም በእግራችን እየሄድን ብረቱ ይዟል እንላለን።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ስማኝ፤ ገና አልጨረስኩም፣ ግራ መጋባቴም አላለቀም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የትምህርት ቤቱ የውሃ ፓምፕ ተሰብሮ ተቀምጧል። አሰበች በሯ ወልቆባት በገመድ አስራዋለች። ለዘንድሮ የሚሆን በያጅ እንኳ ያጣ ሰው ምን ያድርግ? ሁሉም ሰው ፀጉር ታህል እስኪያስተካክል ባሕር ዳር ከተቀመጠ እዚህ ማን ይቀራል? ደግሞ ያ መምህርህ ዛሬ ጣሉት፣ ነገም ይጥሉታል፤ የማይጥሉት ቀን መቼ ነው የሚመጣው? ሰው ዕድሜውን በሙሉ ገና ነኝ እያለ ቢያረጅስ? እንደሱ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ግን ፈራሁ። ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነው፤ ልጽፈው ነው መሰለኝ። ጥሩ አድርገህ ስትችል ኮኪት ትጠብብሃለች ብዬ እፈራለሁ። እዚያው ትቀራለህ ብዬ። ናፍቀኸኛል ማሩ። ማታ ማታ ድስቱን ሳወርድ ሁለት ሳሕን አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሰዋለሁ።

እናም ከላይ የጻፍኩትን «ና» ልሰርዘው ብዬ ነበር። ብዕሩን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። እናት ና ያለችውን እንዴት ትሰርዛለች? ይኑር፤ አልሰርዘውም። ግን ብቻውን አይቁም፤ ይህችን ጨምሬበታለሁ፦

ያችን መያዣ በእጅህ ሠርተህ፣ ጋሽ ሰሎሞንም አይተዋት መልሰው ሲሰጡህ፣ ያን ጊዜ ይዘሃት ና። ትራክተሩ ላይ ግጠማት። እኔ ጆንያው ላይ እወጣና እቀመጣለሁ፤ አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ አዛናው ቁልቁለቱ ላይ ሳይቆም እስከ ወንዙ ይነዳናል። ከዚያ በኋላ ገንዳ ውሃም ክፈት፣ ጋሽ ደሴም ዘንድ ግባ፣ ባሕር ዳርም ተመለስ፤ እንደፈቀደህ። ከዚያ በፊት ግን እዚህ የሚጠብቅህ ሥራ የለም። ጋሽ ደሴን ነገ ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ይቆጡኛል፣ እችለዋለሁ።

ትክክል አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። ነገ ጠዋት መቅዲ ወረቀቱን ይዛ መኪና ስትሳፈር ሮጬ ልቀማት ይሆናል፤ ይኸው ተናግሬያለሁ። ከደረሰህ ግን አልሮጥኩም ማለት ነው።

ከነጩ ሰሊጥ ትንሽ ልኬልሃለሁ። ግማሹን ለመምህርህ ስጣቸው፤ «እናቴ ያቆመችው ሂላ ነው፣ አልዘመመም» በላቸው። ምናልባት እሳቸው ይገባቸው ይሆናል።

እጅህን ከእሳትና ከስለት ይጠብቅልኝ። ዓይንህን ከብልጭታው ይሰውርልኝ። የምትሠራው ሁሉ የሚደገፍበትን ሰው የማይጥል ይሁን። በሄድክበት ሰው ይስጥህ፣ በምትመለስበት ቀን ደግሞ እኔን በሕይወት ያቆይልህ። አሜን በል።

እናትህ
ውባንች

ስለ ጉልበቴ አታስብ። እስክትመጣ ድረስ በእግሬ እወርዳለሁ።